ጅጅጋ ላይ የለበስኩት ሻርፕ

ሐሙስ ንጋት፣ ሐረር

ጎህ ሳይቀድ የኪነት ቡድናችን አይፋ የጭነት መኪና ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆማ ታጓራለች። ዘመኑ የሰባዎቹ መጨረሻ ነው፤ የኪነት ቡድን የሌለው መሥሪያ ቤት እንደ ነውር የሚታይበት ጊዜ። እኔ አኮርዲዮን ተጫዋች ነኝ። አኮርዲዮን ተጫዋች ማለት ከዘፋኙ ኋላ፣ ከከበሮው ጎን፣ መብራት በማይደርስበት ጥግ የሚቀመጥ ሰው ነው። ይህን ያህል ዓመት ስጫወት መንገድ ላይ አስቁሞ «አንተ እኮ ያ ነህ» ያለኝ ሰው የለም። ስለዚህ ለባለቤቴ ለዘነበች ነግሬያት ወጣሁ፦ ይህ ጉዞ የመጨረሻዬ ነው፤ ስመለስ አኮርዲዮኑን ሸጬ አርፌ እቀመጣለሁ። እሷም «እሰይ» ብላ ዳቦ ቋጠረችልኝ።

ጋቢና ውስጥ ሦስት ነን። ሾፌሩ መሐመድኑር የጅጅጋ ልጅ ነው፤ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ያወራል። መሐል ላይ ሳፊያ፣ የቡድናችን ብቸኛ የሶማሊኛ ዘፋኝ፣ አንገቷን በፎጣ ጠቅልላ ተቀምጣለች። እኔ በር ጋ ነኝ። የቡድኑ መሪ ጋሽ ታፈሰና ሌሎቹ ከኋላ ከመሣሪያው ጋር አቧራ ይቅማሉ።

ረፋድ፣ ባቢሌ

የባቢሌን ለውዝ ሳይገዛ ያለፈ የለም። ሻጯ ሳፊያን አይታ በደስታ በሶማሊኛ ሰላም አለቻት። ሳፊያ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ዘይት ያልቀመሰ የበር ማጠፊያ ድምፅ ነው። ደግማ ሞከረች፣ ጭራሽ ጠፋ።

ጋሽ ታፈሰ ከኋላ ወርዶ ነገሩን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ጅጅጋ ላይ በድምፅ ማጉያ ስሟ ሲለፈፍ ነው የሰነበተው። ያለ እሷ መግባት ሙሽራ የሌለው ሰርግ መደገስ ነው። የመድኃኒቱ ዓይነት ወዲያው በዛ፤ አንዱ ማር፣ አንዱ ዝንጅብል፣ መሐመድኑር ደግሞ የግመል ስብ አዘዘ። ሳፊያ ለሁሉም ራሷን እየነቀነቀች ለውዟን ትፈለፍላለች።

ከዚያ ወዲያ የዳካታ ቋጥኞች፣ ኬላ፣ የካራማራ ጠመዝማዛ፣ እንደገና ኬላ። ከዳገቱ ሲወረድ ሜዳው ይዘረጋል፤ ከሜዳው ጫፍ የጅጅጋ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ሌላ ጊዜ ልቤን ደስ ይለው ነበር፤ ያን ቀን ግን እንግዳ ተቀባዮቹ ስለ ሳፊያ ሲጠይቁን ምን እንደምንል ነበር የማስበው።

ዓርብ፣ ጅጅጋ

ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ፤ ከላዩ ላይ ሙዝ ጣል ተደርጎበታል። ሙዙ ከሩዙ በፊት ይበላ፣ በኋላ ይበላ፣ አብሮ ይበላ አልገባኝም። መሐመድኑር ከሩዙ ጋር እየቆረሰ ሲጎርስ አይቼ ተከተልኩት። ይጣፍጣል።

ሰዓት እላፊ ስላለ ትርኢቱ ከጁምዓ በኋላ በጠራራ ፀሐይ ነው። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ፣ ወታደሮችና መምህራን ከኋላ። የወሎው ጭፈራ አለፈ፣ የጉራጌው አለፈ። ሰዉ ያጨበጭባል፣ ዓይኑ ግን ሳፊያን ነው የሚፈልገው። ጋሽ ታፈሰ ላብ አጥምቆት ወደ እኔ ጎንበስ አለና፣ የሳፊያን ዘፈን ዜማ ብቻ ተጫውቼ ቶሎ እንድጨርስ ነገረኝ።

ዜማውን ያስተማረችኝ ሳፊያ ናት፣ እያንጎራጎረች። ጥያቄና መልስ ያለው ዘፈን መሆኑን አውቃለሁ። ቃሉን ግን አልጠየቅኳትም፤ ለእኔ ዜማ ዜማ ነው። አንዴ ሳይጠየቅ ከቆየ ደግሞ መጠየቁ ያሳፍራል።

የመጀመሪያውን ሐረግ ተጫወትኩ። ሳፊያ መልሱን የምታነሳበት ቦታ ላይ ስደርስ ከግራ በኩል ትልቅ ድምፅ ተነሳ። ሴቶቹ ቆመዋል። ተቃውሞ መስሎኝ መጫወቴን አቆምኩ። ይህን ጊዜ ወንዶቹ ጮኹብኝ። ጋሽ ታፈሰን ባየው እጁን ያወናጭፋል፤ ቀጥል ይበለኝ አቁም ይበለኝ መለየት አልቻልኩም። ጨነቀኝና የመጀመሪያውን ሐረግ ደገምኩት። አሁን ወንዶቹ ከእኔ ጋር ዘፈኑት። ሴቶቹ መለሱ። ያኔ ገባኝ፤ አዳራሹ ራሱ ዘፋኝ ሆኗል።

እንዲያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌው በከዘራው ወለሉን ይመታል፣ ወታደሩ ቃሉን ሳያውቅ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ሳፊያ ከመጋረጃው ጎን ያለ ድምፅ ትዘፍናለች። እኔም ሁለት ቀን የተሸከምኩትን ጭንቀት የት እንደጣልኩት ጠፋኝ፤ አለቀስኩም መሰለኝ።

መሐል ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ መድረክ ላይ ወጡ። በሳፊያ ቦታ ሊዘፍኑ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ቢጫና ቀይ ሻርፓቸውን ከትከሻቸው አውልቀው በእኔ ትከሻ ላይ ጣሉ። አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። ሴትዮዋ ወርደው ሄዱ። እኔ ሻርፕ ለብሼ ቀረሁ።

ቅዳሜ፣ ቶጎጫሌ

ሌሊቱን በሻርፑ ነገር ሁሉም ሊቅ ሆነ። ከበሮ መቺው «ታጭተሃል» አለኝ። ጋሽ ታፈሰ ሴትዮዋ ረስተውት እንዳይሆን፣ ሰው ንብረት ወሰዱ እንዳይለን ሰጋ። ሳፊያን ብጠይቃት ሻርፑን አንገቴ ላይ አጥብቃ ጠቀለለችና እጄን መታችኝ። ይህስ ምን ማለት ነው? እንዲመለስ ነው፣ እንዳይመለስ?

ለወታደሮቹ ልንጫወት ቶጎጫሌ ስንደርስ ሴትዮዋ እዚያው ገበያ ጨርቅ እንደሚሸጡ ሰማን። መሐመድኑር ኤዶ ከዲጃ ይላቸዋል፤ ኤዶ ማለት አክስት ነው። ሻርፑን አጣጥፌ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ፊታቸው ጠቆረ። አንድ ነገር ተናግረው ወደ ጨርቃቸው ዞሩ።

«ብርዱ አለቀ ወይ ነው የምትልህ» አለ መሐመድኑር።

የቶጎጫሌ የቀትር ፀሐይ አናት ይበሳል። የምን ብርድ? አስተርጓሚዬ ተሳስቷል ብዬ አየሁት፤ እሱ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ በእኔ ያፍራል። አንድ ነገር ብቻ ገባኝ፦ ሴትዮዋን አሳዝኛቸዋለሁ። ሻርፑን መልሼ ለበስኩት። ኤዶ ከዲጃ ዘወር ብለው አዩኝና ቅር እያላቸውም ቢሆን ፈገግ አሉ። በዕድሜዬ ተመልካች የሰጠኝ ነገር ይህ ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። ከእንግዲህ ማንም አይወስድብኝም አልኩ።

እሑድ፣ ኬላው

ማን ይወስድብኛል? ፊናንስ! ወደ ጅጅጋ ስንመለስ ኬላው ላይ አንድ የፊናንስ ፖሊስ ሻርፑን በሁለት ጣቱ አነሳው። ከወንድ አንገት ላይ የወረደ የሴት ሻርፕ፣ ያውም ከቶጎጫሌ፣ ኮንትሮባንድ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

«ጓድ፣ የማን ነው?»

«ሽልማቴ ነው። አኮርዲዮን ተጫውቼ።»

«እስቲ ተጫወት።»

አኮርዲዮኑን አወረድኩ። ከኋላችን የቆመ የጭነት መኪና ላይ ሴት ነጋዴዎች ከሻንጣና ከጥቅል ጋር ተጭነዋል። ያንኑ ዜማ ጀመርኩ። የመልሱ ቦታ ላይ ስደርስ ከመኪናው ላይ ሴቶቹ ተቀበሉኝ፣ ወደ ፖሊሱ ዞረው፣ እየሳቁ። መሐመድኑር መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። ፖሊሱ መጀመሪያ ኮስተር አለ፣ ከዚያ ፈገግታ አመለጠው።

«ለመሆኑ በርዶሃል?» አለኝ።

«ኧረ ሙቀት ነው» ልል አፌን ስከፍት ሳፊያ እግሬን ረገጠችኝ፣ ትከሻዋንም ጨብጣ ተንዘፈዘፈች።

«በጣም» አልኩ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ።

ፖሊሱ ሻርፑን ራሱ ትከሻዬ ላይ አድርጎልኝ የኬላውን ገመድ አስነሳ።

ሰኞ፣ ካራማራ እና ሐረር

ካራማራ ላይ ጠዋት ጠዋት ነፋሱ በበሩ ስንጥቅ ይገባል። ሳፊያ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ድምፅ መጣ፤ ሻካራ፣ ግን ድምፅ።

«አንተ ሰውዬ፣ የዘፈኑን ቃል አታውቀውም አይደል?» አለችኝ።

መካድ ዋጋ አልነበረውም። መሐመድኑር እንኳ መኪናዋን ቀዝቀዝ አደረጋት። ሳፊያ በአማርኛ ነገረችኝ። ወንዱ መንገደኛ ነው፤ መንገዴ ሩቅ ነው፣ ነፋሱ ብርድ ነው፣ ትከሻዬ ባዶ ነው ይላል። ሴቷም ትመልሳለች፦ የኔን ሻርፕ ልበስ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁህ፤ ብርዱ እስኪያልቅ አትመልስልኝ።

ኤዶ ከዲጃ ያደረጉት ዘፈኑ ያለውን ነው። ሴቶቹ ኬላው ላይ የመሰከሩልኝ በዘፈኑ ነው። ፖሊሱ እንኳ ገብቶት ነበር። አገር ሁሉ የሰማውን ሳልሰማ የቀረሁት ተጫዋቹ እኔ ብቻ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ደረስኩ። ዘነበች በር ላይ ቆማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«በዚህ ሙቀት ምን ለብሰህ ነው? ደግሞ አኮርዲዮኑን ልትሸጠው አልነበር?»

«ብርዱ አላለቀም» አልኳት፣ አኮርዲዮኑንም ይዤ ገባሁ።