ሰማንያ ቀን ያልሞላት ልጄ

ልጄ ክርስትና ሳትነሳ ሞተች። ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ነው፤ እሷ አልደረሰችም። ደብረ ማርቆስ እኛ ሰፈር እንዲህ ላለች ሕፃን ድንኳን አይተከልም። ጎረቤት ብቅ ይልና "እግዚአብሔር ሌላ ይስጥሽ" ብሎ ይሄዳል። ሌላ! ሌላ ማን ጠየቀ? እኔን የበላኝ አንድ ነገር ነው፤ ሳትጠመቅ የሄደች ልጄ አሁን የት ናት?

በሦስተኛው ቀን ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጣ። ሞርሞን የሚባል እምነት መግባቱን በስልክ ነግሮኛል፤ ከቤተሰቡ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ደብቄለት ኖሬያለሁ። አማቴ ጠላ ቀዱለት፤ "አልጠጣም" አለ። ቡና አቀረቡለት፤ "እሱንም አልጠጣም።"

"ሆድህን አመመህ እንዴ፣ ልጄ?"

"አይ፣ በእምነታችን አይጠጣም" ሲል፣ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ጎረቤቶች ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ። ምናለ አዎ ሆዴን አመመኝ ቢል! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰው ሲወጣ ጓዳ ጠርቼ ወረድኩበት። "አንተ፣ ልታስተዛዝነኝ ነው የመጣኸው ልታዋርደኝ?"

"ይቅር በይኝ፣ እታለም" አለ። ከዚያ ሳልጠይቀው ስለ ልጄ ተናገረ። የሰው መንፈስ በእናቱ ሆድ አይጀምርም አለኝ። ሁላችንም ሳንወለድ በፊት ከሰማይ አባታችን ዘንድ፣ ልጆቹ ሆነን ኖረናል፤ እሷም ኖራለች። "ወደምታውቀው ቤት ነው የተመለሰችው። ሕፃን ሳይጠመቅ ቢሞትም አይኮነንም። መንፈሷ አይጠፋም፤ ታገኛታለሽ።"

"ዝም በል! ክህደት ነው" አልኩት። ወዲያው ደግሞ "እስቲ ድገመው" አልኩት። ደገመልኝ። ያን ዕለት ማታ ልጄ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመስኩ።

በማግስቱ የንስሐ አባታችን መጡ። አማቴ ነግረዋቸው ኖሯል። መስቀላቸውን ተሳልሜ ሳልቀመጥ፣ "ይኼ ልጅ ምን አስተማረሽ?" አሉኝ። ወንድሜ አጠገቤ አለ።

"እኔ ጆሮዬንም አልሰጠሁት፣ አባ።"

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "እውነቷን ነው" አለ። እሱም በተራው ሸፈነልኝ።

"ከሥጋዋ ቀድማ የኖረች ነፍስ የለችም" አሉ አባ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የልጅሽን ነገር ለቸርነቱ ተይው።"

"እሺ፣ አባ" አልኩ። ወንድሜ በማለዳው ሚኒባስ ሲሄድ ሰው እንዳያየን ብዬ መናኸሪያ ድረስ አልሸኘሁትም። ከበር ላይ ተሰናበትኩት፤ ገና በሩን ስዘጋ ሐፍረት አንገቴን አስደፋኝ።

ሰማንያው ቀን ሞላና እኔም ቤተ ክርስቲያን መግባት ተፈቀደልኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ባዶ እጄን ገባሁ። ጎኔ ያለችው እናት ልጇን ለክርስትና አቅፋለች። አባ ሲጸልዩልኝ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ልጄ ወንድሜ በነገረኝ ቤት ውስጥ ታየችኝ፣ ደህና ሆና። በእመቤቴ ሥዕል ፊት ይኼን ማሰቤ ፊቴን አቃጠለኝ። "ተይ አንቺ፣ ክርስቲያን አይደለሽም ወይ? አውጫት ከዚያ" አልኩ በልቤ።

አውጥቼስ የት ላስቀምጣት?