አሮጌው ሃይብሪድና የአባባ ዓይን

በታላቅ ሐዘን የሚገለጽ፦ የታላቅ ወንድሜ የሙሉቀን በነዳጅና በባትሪ የሚሄድ ሃይብሪድ መኪና ዛሬ በጎንደር መንገድ ላይ፣ ነጋዴ ባሕር ከተማ ሳይደርስ ቆሟል።

አባባን የዓይን ሞራቸውን ለማስገፈፍ ጎንደር የሚያመላልስ መኪና ስንፈልግ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። እኔ አዲሱን ሞዴል አልኩ፤ ባትሪው ገና አዲስ ነው። ሙሉቀን ደግሞ አሮጌውን አለ፤ "የጎንደር መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል።" ታላቅ ነውና አሸነፈ።

ዛሬ ቀጠሯቸው ነበር። ሙሉቀን "ባዶ መሄድ ነውር ነው" ብሎ የኋላ ወንበሩን በሰሊጥ ጆንያ ሞላው።

"ባትሪው የሚቀዘቅዘው በወንበሩ ጎን በሚገባው አየር ነው፤ ደፈንከው" አልኩት።

"ደግሞ መኪና መተንፈስ ጀመረልህ?"

በቆላው ሙቀት ባትሪው ጋለ፤ ቆምን።

አባባ ከፊት ወንበር "ደረስን?" አሉ።

ሙሉቀን ወርዶ አንድ አይሱዙ አስቆመ። አባባን ሊያሳፍር መስሎኝ ደስ አለኝ። ሰሊጡን ጫነ።

"ጋቢናው ሞልቷል። ገዢው እየጠበቀኝ ነው፤ አባባ ሌላ ቀጠሮ ይይዛሉ" ብሎ ጆንያው ላይ ተሳፍሮ ሄደ።

እናንተስ፣ ለማሳከሚያ የገዛችሁት መኪና ምን ሲጭን አገኛችሁት? ጻፉልኝ፤ እኔና አባባ አስፋልት ዳር ነን፣ እናነባለን። ማለቴ፣ እኔ አነብላቸዋለሁ።

ማስተካከያ፦ ባለፈው ሳምንት በዚሁ ገጽ "መኪናው የተገዛው ለአባባ ነው" ተብሎ የተለጠፈው "ለሰሊጥ" ተብሎ ይነበብ።