ነጃትና የተከፈለበት ጋሻ

ነጃት መሐሙድን መካነ ኢየሱስ ውስጥ የማያውቃት ካለ፣ ወይ ትናንት በአውቶቡስ የገባ ነው፣ ወይ ማመልከቻ አስጽፎ የማያውቅ ነው። ሱቋ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማንሻና አንድ እኔ ነበርን። ከአራታችን ቶሎ ቶሎ የሚበላሸው ማተሚያው ነው እል ነበር፤ ነጃት ግን በዚህ አትስማማም።

ኮምፒውተር ከመግዛቷ በፊት ነጃት የአርብ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ከአባቷ ጋር ከገበሬ እየገዛች ለደብረ ታቦር ነጋዴዎች ታቀርብ ነበር። ቅቤ ስትገዛ ላዩን አይታ አታውቅም። ቀጭን እንጨት እስከ ቅሉ ሥር ትሰድና አውጥታ በጣቷ ታሻዋለች፣ ታሸተዋለች። ከታች የተቀቀለ ድንች ተጨምሮበት ከሆነ እዚያው ይለያል። "ባለ ቅቤዋ ስትምል አልሰማትም፤ ሁሉም ይምላል" ትለኝ ነበር። አግብታ ወደዚህ ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ስትመጣ ቅቤውን ትታ የአማርኛ ታይፕ ገዛች፤ እሱንም ቢሆን እያንዳንዱን ፊደል በየተራ ሳትመታ ገንዘቧን ከመቀነቷ አልፈታችም። ፍርድ ቤት በር ላይ ዓመታት ተቀምጣ የሰው አቤቱታ ጻፈች፤ ታይፑ ሲያረጅ ኮምፒውተሩን አመጣች።

እኔ ጥጋቡ እባላለሁ። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ወደ መሰናዶ አላሳልፍ ሲለኝ ሌሊት ሌሊት መጽሐፍ ማንበብ የጀመርኩ ሰው ነኝ። ሌሊት የሚያነብ ሰው አንድ ችግር አለበት፤ ቀን ሲሆን ያወቀ ይመስለዋል። ጓደኛ አልነበረኝም። ሰው ሲጠይቀኝ "ብቸኝነትን መርጬ ነው" እላለሁ፤ ጓደኛ እንሁን ብሎ የጠየቀኝ ሰው እንደሌለ ግን አልናገርም። ነጃት የቀጠረችኝ መንገድ ላይ እያነበብኩ ስሄድ እንጨት ከተጫነች አህያ ጋር ስጋጭ አይታ ነው። "ፊደል እንዲህ ከወደደ ተቀምጦ ይጻፍልኝ፤ ቢያንስ አህያዋ ታርፋለች" አለች።

ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የኮምፒውተር መጽሐፍ ነበረኝ። እሱን ሁለት ጊዜ ስላነበብኩ የከተማው የኮምፒውተር ሐኪም ነኝ ብዬ አምን ነበር። ነጃትም "ዶክተር" ትለኛለች። እያሾፈች መሆኑን ያወቅሁት ቆይቶ ነው። እኔ እንደ ታላቅ እህቴ "እታለም" እላታለሁ።

2003 ዓመተ ምሕረት የፍላሽ በሽታ የበዛበት ዓመት ነበር። መምህሩ ፈተናውን፣ ሠራተኛው ሪፖርቱን፣ ጎረምሳው ዘፈኑን በፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ሰክተን ስንከፍት ፋይሉ የለም። በቦታው ቀስት ያለባቸው፣ የትም የማያደርሱ ምልክቶች ተደርድረው ይጠብቁናል። የአንዱ ፍላሽ በሽታ በእኛ ኮምፒውተር በኩል ወደ ሌላው ይተላለፋል። ከተማው ውስጥ "ከነጃት ቤት ነው የያዘው" መባል ተጀመረ።

መጋቢት ላይ ከባሕር ዳር የመጣ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ወጣት ገባ። ከሻንጣው የጋሻ ሥዕል ያለበት ሲዲ አወጣ።

"ጸረ ቫይረስ ነው። ዋናው፤ የሚከፈልበት። የጫናችሁትን ነጻውን አውጥታችሁ ጣሉት፣ እሱ መጫወቻ ነው" አለ። ነጻውን እራሱ አወጣልንና የእሱን ጭኖ ኮምፒውተሩን አስመረመረ። ስክሪኑ በቀይ ተሞላ። ሦስት መቶ ምናምን አደጋ ተገኝቷል፤ ለማስወገድ ይክፈሉ፣ ይላል።

ነጃት ስክሪኑንም ሰውየውንም ትታ ወደ እኔ ዞረች።

"ዶክተር፣ ምን ትላለህ?"

"እታለም፣ ይሄን ሁሉ ያገኘ ዓይኑ ጥሩ ነው። ነጻው እኮ ያገኘው አራት ብቻ ነበር።"

"ያገኘው ነገር እውነት መኖሩን በምን አወቅህ?"

"በቀይ ነው የጻፈው እኮ።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እንጨት ሳትሰድ ምንም የማትገዛ ሴት በእኔ ቃል የአንድ ሙክት ዋጋ ከፈለች። ሰውየው ከፖስታ ውስጥ የዓመት ቁልፍ ሰጠን፤ ቁልፉ ሲገባ ቀዩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ደስ አለኝ። እኔ ራሴ በሽታዬ የተገኘልኝና የዳንኩ ያህል ተሰማኝ።

ጋሻው አልነው። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲከፈት ደውል ያሰማና ይህን ያህል አደጋ አስወገድኩ ብሎ ያስታውቃል። እኔም በሩ ላይ "ፍላሽዎን በተከፈለበት መድኃኒት እናክማለን" የሚል ማስታወቂያ ለጠፍኩ። የደንበኛ ፍላሽ ግን መታመሙን አልተወም። ሲመጡብኝ "ከሌላ ቤት ነው የያዝከው" እላለሁ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ።

ክረምቱ ሲገባ መሪጌታ መልአኩ ወደ ሱቃችን መመላለስ ጀመሩ። መሪጌታ ቤተ ልሔም ወርደው የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ያስመሰከሩ፣ ዓይናቸውን ሞራ የሸፈነው ሽማግሌ ሊቅ ናቸው። በፍልሰታ በዓል በደብራቸው የሚደገም አዲስ መልክእ ለእመቤታችን እየደረሱ ነበር። መልክእ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር አካልን አንድ በአንድ እያነሣ የሚያመሰግን ግጥም ነው። እያንዳንዱ ቤት አምስት መስመር አለው፤ የቤቱም መነሻ ሁልጊዜ "ሰላም ለ" ነው። መሪጌታ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ እዚያው እየደረሱ ይናገራሉ፤ እኔ እመታለሁ። የአንዱን ቀን ቤት በቃላቸው ሳይዙ ወደ ቤታቸው አይሄዱም ነበር። እስኪይዙት ሲደጋግሙት ጊዜ ስለሚወስድ ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ።

"የኔታ፣ ለምን ይደክማሉ? ማሽኑ ይይዝልዎታል፤ ጋሻውም ይጠብቀዋል" አልኳቸው።

"ይይዛል?"

"ከሰው ይበልጣል።"

"በል እንግዲያ" አሉ። ከእጅ ወዲያ እስከ እግር ጥፍር ያሉትን ቤቶች በቃላቸው ሳይዟቸው ቀሩ።

ያ ዓመት ፍልሰታና ረመዳን የገጠሙበት ነበር። መሪጌታም ነጃትም ከንፈራቸው ደርቆ ይውላሉ። ከሁለቱም ተደብቆ ጓሮ እየዞረ ዳቦ የሚገምጠው ጸረ ቫይረስ የመረጠው ሊቅ ብቻ ነበር።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ልናትም ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ጋሻው እንደ ልማዱ ደወለ። የመልክኡን ፋይል ስከፍት ከላይ እስከ ታች የፈረንጅ ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍና የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። አንድ የግእዝ ፊደል የለበትም። በፍላሽ ያስቀመጥኩትን ቅጂ ሰካሁ። እሱም እንደዚያው ነው።

"ምን ይላል? አንብብልኝ እንጂ" አሉ መሪጌታ።

"የኔታ... በልቶታል።"

"ማን ነው የበላው?"

"ቫይረሱ።"

"በፍልሰታ?" አሉ። ቀልዱ ለራሳቸውም አልሞቀላቸውም። "በዕድሜዬ አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ውጭ አስቀመጥሁ" አሉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ከእጅ ወዲያ ያለውን እንደገና ቢሉትስ?" አለች ነጃት።

"ብለውም ሌላ ይሆናል እንጂ ያ አይሆንም፣ ልጄ። ለዚያውም በሁለት ቀን።"

እኔ በበኩሌ ሐኪምነቴ ተነሣብኝ። "አሁን ማድረግ ያለብን ሁሉንም አጥፍቶ ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ መጫን ነው" አልኩ።

"ያን ጊዜ ግጥሙ ይመለሳል?" አለች ነጃት።

"አይ፣ ግጥሙ እንኳ... ኮምፒውተሩ ግን ይድናል።"

"በሽተኛው ይሞትና አልጋው ይድናል በለኛ!"

የመጫኛ ሲዲ ፍለጋ መሳቢያ ከፈትኩ። ነጃት በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን ታያለች።

"ቆይ እስቲ። ይቺ ነገር ቅድምም አልፋለች።"

"የቷ?"

"ይቺ፣ ዶላሯ፣ ከጎኗ ቅንፍ ያላት። ይኸው እዚህም። ወደ ታች ሂድ... ይኸው!"

መሪጌታ ቀና አሉ። "በየስንት መስመሩ ነው የምትመጣው?"

በጣቴ ስክሪኑን እየነካሁ ቆጠርኩ። "በየአምስቱ።"

"ከመስመሩ ራስ ላይ?"

"ከመስመሩ ራስ።"

"ሰላም ለ ናታ!" አሉና መቋሚያቸውን መሬት መቱ። "አልተበላም እኮ! ልብሱን ነው የለወጠ! ቤቱ አልፈረሰም፣ መስመሩ አልጎደለም። ዓይን ያለህ አንተ፣ የማታይ አንተ!"

"እኔማ ይቺን ሰላም ለ ስሰማ ነው ክረምቱን የከረምኩት" አለች ነጃት።

"ይኸን ያህል ከሰማሽ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ላስቀምጥሽ።"

"መጀመሪያ ረመዳኔን ልጨርስ፣ መሪጌታ።"

ያን ጊዜ ነው የዚያ ሽፋን የለሽ መጽሐፍ አንድ ገጽ ትዝ ያለኝ። የእኛ ኮምፒውተር ግእዙን የሚያሳየው በአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ከሌለ ጽሑፉ እያለ በሌላ ፊደል ይታያል። ብፈልገው ፕሮግራሙ የለም። ጋሻው የያዛቸውን አደጋዎች የሚያጉርበትን ቦታ ስከፍት የአማርኛ መጻፊያችን ፊደሎቹን ሁሉ ይዞ "እጅግ አደገኛ" ተብሎ በዚያ ጠዋት ታስሯል።

ፈታሁት። መልክኡ ተመለሰ፤ "ሰላም ለ" ብሎ ቁጭ አለ። መሪጌታ እሰይ ብለው ሳይጨርሱ ደውሉ ጮኸ፣ ቀይ ሣጥን ወጣ፣ ፕሮግራሙ ዳግመኛ ታሰረ።

"ይኸን ጋሻ አውጣልኝ" አለች ነጃት።

አሁንም ጠበቃ ቆምኩለት። "እታለም፣ የአማርኛውን ፕሮግራም ያመጣነው ከሰው ፍላሽ ገልብጠን ነው። እውነት ታሞ ቢሆንስ? ጋሻውን ስናወጣ በሽታው ተነሥቶ መልክኡን የምር ቢበላውስ?"

በዚያ ቀን የተናገርኩት ብቸኛ የማያሳፍር ነገር ይህ ነበር፤ እሱንም የተናገርኩት የራሴን ምርጫ ላድን ብዬ ነው።

"እንግዲህ አንዱ ውሸታም ነው" አለች ነጃት። "የቱ እንደሆነ ሳላውቅ አንዱንም አላምንም።" ነጠላዋን አናቷ ላይ አድርጋ በዝናቡ ወደ ጎረቤታችን ወደ መርየም ሱቅ ሮጠችና ላስቲኩ ያልተቀደደ አዲስ ፍላሽ ይዛ ተመለሰች። እዚያው ላስቲኩን ቀድዳ ሰጠችኝ። ሰክቼ ሳየው ባዶ ነው። ጋሻውን መርምረው አልነው።

ሰባት አደጋ ተገኝቷል፣ አለ።

"ከፋብሪካው ታሞ መጥቶ ሊሆን ይችላል" አልኩ።

"ተነሥ ከወንበሩ።" ተቀመጠችና በፈረንጅ ፊደል ስሟን ብቻ ጻፈች፤ እራሷ አስቀመጠችው፤ ያችን አንዲት ፋይል ለብቻዋ አስመረመረች። ደውሉ ጮኸ። አንድ አደጋ ተገኘ፤ ከጎኑም ስሟ ተጽፏል።

"መሪጌታ፣ ነጃት አደገኛ ናት ይላል።"

"እሱን እንኳ ባልሽን ሳልጠይቅ ሐሰት ነው አልልም።"

ሁለቱ ሲስቁ እኔ መሳቢያውን እየበረበርኩ ነበር። መምህር ቻላቸው ተናዶ ጥሎብን የሄደው ፍላሽ አለ፤ ቀስት ብቻ የሞላበት፣ ዕውር እንኳ መታመሙን የሚያውቀው። ሰካሁትና አስመረመርኩት። ጋሻው አረንጓዴ አበራ። "ንጹሕ ነው፤ በሰላም ይጠቀሙ።"

ፍላሹን ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ያልታመመውን ያስራል፤ የታመመውን ይመርቃል" አለች ነጃት። "አውጣው።"

"እታለም፣ ከዓመቱ ሰባት ወር ይቀረዋል እኮ።"

"ሰባት ወር ሙሉ ይዋሸኝ?"

ጋሻው ላለመውጣት ተከራከረ። ያለ ጥበቃ ሊቀሩ ነው፣ እርግጠኛ ነዎት? እያለ ደጋግሞ ጠየቀ። ነጃት እኔን አላመነችም፤ "አዎ" የሚለውን እሷው ተጫነችው። ሻጩ ያወጣብንን ነጻውን ከድሮ ሲዲ መልሰን ጫንንና በዚያው ፈተና አሳለፍነው። በአዲሱ ፍላሽ ላይ ምንም አላለም። በነጃት ስም ላይ ምንም አላለም። የመምህር ቻላቸውን ፍላሽ ገና ስሰካው ጮኸ። የአማርኛውን ፕሮግራም አሳየነው፤ ዝም አለ። ነጻው ፍጹም ነው ብዬ አሁን አልምልም። ቢያንስ ግን አይቶ ነው የሚናገረው። ለባሕር ዳሩ ወጣት ስንደውል ስልኩ ዝግ ነበር፤ እስካሁንም እንደዚያው ነው።

መልክኡ ታተመ። ነጃት ወረቀቱን አስተካክላ ሰጠችኝና፣ "መሪጌታ ጆሮ አላቸው፤ አንብብላቸው" አለች። ሁለተኛውን ቤት ሳልጨርስ መቋሚያው መሬቱን መታ።

"ቁም! እዚህ ላይ እኔ እንዲህ አላልሁም።"

ወደ ወረቀቱ አየሁ። ልክ ናቸው። ሦስተኛው ቤት ላይም አስቆሙኝ። አምስተኛው ላይ አንድ መስመር ሙሉ ዘልያለሁ። ዳቦ ልገምጥ ጓሮ የዞርኩበት ቀን ይመስለኛል።

"ይኸንስ ማን በላው?" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ የኔታ።"

የተዘለለውን መስመር ቤቱ ሲነበብላቸው እሳቸው አስታውሰው ሞሉት። የጾም መፍቻው የመግሪብ አዛን እስኪሰማ አርመን ጨረስን። ነጃት ቴምሯን በአፏ እንዳደረገች ሁለተኛውን እትም አወጣች። በበዓሉ መልክኡ ተደገመ፤ አሳምሬ ሰማሁት፣ ከኋላ ቆሜ።

ከዚያ ወዲህ ከሱቁ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ ሕግ አለው። እኔ ከጻፍኩ በኋላ ባለ ጉዳዩ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ ነጃት ደግሞ ረቂቁን ይዛ መስመሩን በቀጭን እንጨት ትከታተላለች። ስሳሳት እንጨቱ ጠረጴዛውን ይመታል። እንጨቱ ሳይመታ የወጣ ማመልከቻ እስካሁን የለኝም።