የብልሹዎቹ ጠርሙስ

ጡረታ የወጡት ሽማግሌ መምህሯ ሊጠይቋት ወደ ሙዚየሙ ምድር ቤት ሲወርዱ፣ ተመራማሪዋን ጭንቅ ያዛት። ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት እግር የለሽ እንሽላሊት አንድ ሳይሆን አራት ዝርያ ሆኖ መገኘቱን በምን አፏ ትንገራቸው?

እኚህ ሰው «እባብ አይደለም! ዓይኑን ሲጨፍን አታዩም እንዴ?» እያሉ ከስንቱ ጋር ተጣልተዋል። እሳቸው ከጻፉት መግለጫ ጋር የማይገጥም እንሽላሊት ሲመጣ ግን፣ «ብልሹዎች» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ይከቱት ነበር።

«ጋሼ፣ ብልሹዎቹ እኮ ጤነኞች ናቸው» አለች እንደ ምንም። «ዘረመላቸውን መረመርኩት። ሦስት ራሳቸውን የቻሉ ዝርያዎች ናቸው።»

ሽማግሌው ጠርሙሱን ከጠረጴዛዋ ላይ ወደ መብራቱ አንስተው አተኩረው አዩት። አሁን ጉድ ፈላ ስትል፣ ከት ብለው ሳቁ።

«ወይ እኔ! እባብ አይደሉም እያልኩ ከሰው ጋር ስሟገት፣ እርስ በርሳቸው እንደሚለያዩ ሳላይ አረጀሁ!»

ከዚያም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ወረቀቱን በጥፍራቸው ይልጡት ጀመር።

«ስማቸውን እርስዎ ያውጡላቸው፣ ጋሼ» አለች እፎይ ብላ።

«የለም ልጄ፣ አንቺው አውጪላቸው» አሉ፣ የተላጠውን ወረቀት እያሳዩዋት። «እኔ ያወጣሁላቸውን አይተሽዋል።»