የትራክተሩ ሸራ

ባለፈው ሳምንት የጓዳዬን በር ላሳድስ ብዬ አንድ አናጢ ቤት ጎራ አልሁ። አናጢው ወጣት ነው። የሌላ ሰው አሮጌ በር ሁለት በርሜል ላይ አጋድሞ የድሮ ቀለሙን በምላጭ ይፍቃል፤ የተፋቀውን ደግሞ በተልባ ዘይት ያሻል። ሽታው ገና ከደጅ ተቀበለኝ። ሰው የአባቱን ቤት በሽሮ ሽታ ወይም በከብት ሽታ ያስታውስ ይሆናል፤ እኔ የማስታውሰው በተልባ ዘይትና ቀለም በሚቀጥንበት በአኳራጅ ነው። ስለዚህ ዋጋ ልጠይቅ የገባሁት ሴትዮ ዋጋውን ረስቼ በርጩማ ፈልጌ ተቀመጥሁ። "እማማ፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ ልጁ። "የለም፣ ሽታው ነው" ስለው ደንግጦ መስኮቱን ከፈተልኝ፤ መልሰህ ዝጋው ለማለት አፈርሁ።

አባቴ ሠዓሊ ነበር። በትርፍ ጊዜው የሚሥል ሳይሆን ሥሎ የሚያድር፣ ሥሎ ልጆች የሚያሳድግ፣ ደመወዝ መቀበያው ወረቀት ላይ ከስሙ ጎን "ሠዓሊ" ተብሎ የተጻፈለት ሰው። በደርግ ዘመን፣ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ዳር በእግር የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ የነበረችው ቤታችን በዓመት ሁለት ጊዜ ቤትነቷን ትታ የኤግዚቢሽን ማሰናጃ ትሆን ነበር፤ አንዴ ለአብዮት በዓል፣ አንዴ ለሠራተኞች ቀን። በዓሉ ሁለት ወር ሲቀረው የምንበላበት ጠረጴዛ ይወሰድብንና አልጋ ላይ ተደርድረን እንበላለን፤ ሸራው የሚጠነክርበት የቆዳ ሙጫ የሚፈላው ደግሞ በእናቴ ድስት ስለነበር የዚያ ሰሞን ወጥ ሁሉ ቆዳ ቆዳ ይላል። እናቴ "ሠዓሊ አገባሁ ብየ ቆዳ ፋቂ ቤት ገባሁ" እያለች ታስቀን ነበር።

የኮሙኒዝም አባቶች የሚባሉት ሦስቱ ጢማሞች ከየትኛውም ኤግዚቢሽን አይቀሩም። ነጭ ቀለም ከአዲስ አበባ በጣሳ ተቆጥሮ ነበር የሚመጣው፤ አባቴ የሁለቱን ሽማግሌዎች ጢም ጨርሶ ሲነሣ ለደመና የሚሆን ነጭ አይተርፈውም፤ በዚህ የተነሣ በሥዕሎቹ ላይ የጎጃም ሰማይ ክረምት ከበጋ ጥርት ያለ ነው። የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ይህን "ብሩህ ተስፋ የሚያሳይ ሰማይ" ብሎ አመሰገነለት። እነዚሁ የኮሚቴ ሰዎች በዓሉ ሲቃረብ ካኪያቸውን ለብሰው ቤታችን ድረስ ይመጣሉ፤ "የሠራተኛው ክንድ ከፍ ይበል"፣ "ገበሬው ከስቷል" ይላሉ፤ አባቴም "እሺ" ይላል። በአንድ ሸራ ላይ አንድ ገበሬ ሦስት ጊዜ ሲወፍር አይቻለሁ። እኛ ቤት ግን የወፈረ አልነበረም።

ለእነሱ የሚሠራውን ፊት አባቴ "የበዓል ፊት" ይለው ነበር፤ አገጩ ሰፊ፣ ዓይኑ ሩቅ የሚያይ፣ ወንዱም ሴቱም ወንድማማች የሚመስል። እጁ ይህን ፊት ከመልመዱ የተነሣ ወደ መጨረሻው ገደማ ሳያየው ይሠራው ጀመር። ታዲያ እውነተኛውን የሰው ፊት እንዳይረሳ፣ በየዓመቱ ከፋሲካ ማግስት እኔንና ወንድሜን በየተራ መስኮቱ ሥር አስቀምጦ፣ ሸራ ስለማይተርፈው በአንዲት ሸራ ላይ የቀደመውን ፊት እየፋቀ ይሥለናል። ጎረቤቶቻችን በበዓል ልጆቻቸውን አለባብሰው ፎቶ ቤት ሲሰለፉ እኛ አንሄድም። "የሠዓሊ ልጅ ፎቶ ቤት ከተሰለፈ የጋጋሪ ልጅ ዳቦ ተበደረ ማለት ነው" ይላል። ይህች ትዕቢት ከድህነታችን ጋር ስለተስማማች ማንም አልተከራከረውም።

ወንድሜ ሙሉቀን በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ እሱ ዐሥራ ሰባት ነበረ። ጆሮዎቹ ወደ ውጭ የወጡ፣ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ከንፈሩን የሚነክስ ልጅ ነው፤ አባቴ በዚያ ዓመት ፋሲካ ያቺን ከንፈር የሚነክስባትን ቅጽበት ሸራ ላይ አስቀራት። እንዴት እንዳደረገው አላውቅም፤ ሥዕሉን ያየ ሁሉ ሳይፈልግ ይስቃል። አባቴ ራሱ "በዕድሜዬ ሰው የሠራሁት ይህን ብቻ ነው" ብሎ ከአልጋቸው በላይ ሰቀለው።

በዚያው ክረምት ለአብዮት በዓል ዐሥራ ሁለት ሥዕል ታዘዘ፤ የመጣው ሸራ ግን ለዐሥራ አንድ ብቻ የሚበቃ ሆነ። አባቴ ቢሮ ተመላለሰ፤ አቡጀዲ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞረ፤ በቀበሌው ሱቅ ያለው በኮታ ነው፣ ኮታውም አልቋል። የቀረው ሥዕል ትራክተር ነበር፤ ኮሚቴው ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገውም እሱን ነው። ዐሥር ቀን ሲቀረው አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ከአልጋው በላይ ያለውን ግድግዳ ቀና ብሎ አየ። እናቴ ሲያይ አየችው። "እንዳታስበው" አለችው።

ጉዳዩን የጨረሰው ሙሉቀን ነው። ከኳስ ሜዳ ሲገባ የሁለቱን ፊት አይቶ ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ ሥዕሉን ራሱ አወረደውና "አባየ፣ ፋቀኝ በቃ! ለፋሲካ እንደገና ትሥለኛለህ፤ ያን ጊዜማ ጢሜን አብቅየ ከሦስቱ ጋራ አራተኛ እሆናለሁ" አለ። እናቴ እንኳን ሳቀች። አባቴ በአሮጌ ቀለም ላይ አዲስ ቀለም አይቀባም፤ ይሰነጠቃል ብሎ ይፈራል፤ ስለዚህ ሸራው እስከ ጨርቁ ድረስ መፋቅ፣ ከዚያም በአኳራጅ መታጠብ ነበረበት። ግቢው ውስጥ ፍሬሙን መሬት ላይ አጋድመን፣ ወንድሜ በአንድ ወገን እኔ በሌላው ተቀምጠን፣ በምላጭ ፋቅነው። ሙሉቀን የገዛ አፍንጫውን እየፋቀ "ወይኔ፣ አመመኝ!" እያለ ይጮሃል፤ እኔ በሳቅ እንፈራፈራለሁ፤ አባቴ ከውስጥ ሆኖ "ጨርቁን እንዳትቀዱት!" ይላል። "አንች፣ ጆሮየን ለመጨረሻ ተይልኝ፤ የምታሚኝን ልስማበት" አለኝ ሙሉቀን። እኔም ነገረኛ ነበርሁና ቶሎ ብዬ ጆሮውን ፋቅሁት። ስንጨርስ ፍቅፋቂውን ጠርጌ ከፓፓያው ዛፍ ሥር ደፋሁ። በነጋታው የወንድሜ ፊት በነበረበት ቦታ የትራክተሩ የኋላ ጎማ ዋለበት።

ኤግዚቢሽኑ አምሮ ተከፈተ፤ ትራክተሩም ተወዶ በኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ቀረ። ፋሲካ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው አባቴ ለሠራተኞች ቀን ሥራ ጀምሮ ዘይቱ አለቀበት። ዘይቱን ከተልባ ጨምቀን የምናወጣው እኛው ነበርን፤ ጥሩ ተልባ ደግሞ ሐሙሲት ገበያ ይገኛል፤ ሙሉቀንን በጠዋቱ አውቶቡስ ላከው። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረን የአውቶቡሱ ረዳት ነው። ገበያውን ወታደር ከበበው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ እየታፈሰ ነው፤ ሙሉቀን ተማሪ ነኝ ብሎ መታወቂያውን ሲያሳይ መታወቂያውን ተቀብለው እሱን መኪና ላይ ሰቀሉት። ረዳቱ የተልባውን ከረጢት ይዞልን መጣ። አባቴ ከረጢቱን ተቀብሎ አመሰገነው፤ ከዚያ እንደቆመ የከረጢቱን አፍ ሲፈታና ሲያስር፣ ሲፈታና ሲያስር ቆየ።

ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ "ጢሜ እየበቀለ ነው፣ ቀለም ይዘጋጅ" ይላል። ሁለተኛ አልመጣም። በዓመት ከመንፈቁ መርዶው እንደ ወጉ በማለዳ ደረሰ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ከሽማግሌዎች ጋር ቆሞ ለእናት አገሩ ተሰዋ አለን።

በአገራችን አስከሬኑ ላልመጣ ሰው ልብሱን ወንበር ላይ ያኖሩለታል፤ ከልብሱ በላይ ፎቶው ይቆማል፤ አልቃሽ ለማን እንደምታለቅስ ታውቃለች። የሙሉቀን ጃኬት ተቀመጠ፤ የኳስ ጫማው ተቀመጠ። እትዬ ዘሃራ የምትባል፣ ባሏ ወረታ የሚነግድ ጎረቤታችን ነበረች፤ ወደ እናቴ ጠጋ ብላ "ፎቶውን አውጡት እንጅ እህቴ" አለቻት በለሆሳስ። ፎቶ አልነበረም። በሕይወቱ የተነሣት አንዲት ጉርድ ፎቶ መታወቂያው ላይ ነበረች፤ አብራው ሄዳለች። እትዬ ዘሃራ ራሷ ነጠላዋን አጥፋ ፎቶ ቤት ሮጠች፤ ፎቶ አንሺው አሮጌ ኔጋቲቮቹን ጠርጎ ጥሏቸው ነበር። ለድፍን ባሕር ዳር ፊት በሚሠራ ሠዓሊ ቤት ውስጥ የልጁ ፊት አልተገኘም። እናቴ ቀና ብላ አባቴን አየችው።

አባቴ ተነሥቶ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። ለቀጣዩ በዓል የመጣ ሸራ ሞልቶ ነበር፤ ያን ዓመት አልጎደለም። ድንኳኑ ውስጥ ሙሾው እየተወረደ እሱ ሲሠራ ዋለና አመሻሽ ላይ ቀለሙ ያልደረቀ ሥዕል ይዞ ወጣ። የሚያምር ወጣት ነው፤ አገጩ ሰፊ፣ ዓይኑ ሩቅ የሚያይ። እናቴ ረጅም ጊዜ አየችው። "ይህ የበዓሉ ልጅ ነው" አለች፤ "የኔን ልጅ አምጣልኝ።"

በማግስቱም ሞከረ፤ በሠልስቱም ሞከረ። ለቀስተኛ መሐል እየገባ "ዓይኑ እንዴት ነበር? ቅንድቡስ?" ብሎ ይጠይቃል፤ አንዱ ትልቅ ዓይን ይለዋል፣ ሌላው ትንሽ፤ እጁ ግን ሁሉንም ሰምቶ ወደዚያው ወደለመደው አገጭ ይመለሳል። እኔን ሲጠይቀኝ ስለ ጆሮው ነገርሁት። ጆሮውን በትክክል ሠራው፤ የሌላ ሰው ፊት ላይ። ያን ሥዕል እሱ ራሱ ፋቀው።

ክረምቱ እንደገባ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴን ፓፓያው ሥር ተንበርክካ አገኘኋት። የዱቄት ወንፊት ይዛ አፈር ትነፋለች። ጎረቤት በአጥር እያየ "አእምሮዋን ሳተች" ይል ጀምሮ ነበር። ወንፊቱ ላይ የቀሩትን አየኋቸው፤ ጥቃቅን የቀለም ቅርፊቶች ናቸው፤ የዘይት ቀለም አፈር ውስጥ አይበሰብስም። አባቴ ከቤት ወጣ። ይከለክላታል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን መነጽሩን አድርጎ ጭቃው ላይ አጠገቧ ተቀመጠና አንድ በአንድ ይለይላት ጀመር። "ይህ የሸሚዙ ነው። ይህ የግድግዳው፣ ጣይው። ይህ… ይህ ከሱ ነው፤ ቢጫ ጨምሬበት ነበር።" ፊቱ የጠፋበት ሰው የደባለቀውን ቀለም አልረሳም። እስኪመሽ እንዲህ ሲለቅሙ ዋሉ፤ ከእሱ የሆነውን እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

አባቴ ከዚያም በኋላ ኤግዚቢሽን አልቀረበትም፤ ደመወዙ የምንበላው ነበርና ክንድ ከፍ ሲያደርግ፣ ገበሬ ሲያወፍር ኖረ። ቤቱ ውስጥ ግን የሰው ፊት ዳግመኛ አልሣለም፤ እኔንም መስኮቱ ሥር አላስቀመጠኝም። ደርግ ሲወድቅ ትራክተሩ ከጽሕፈት ቤቱ ወጥቶ የከሰል ነጋዴ ዳስ ሆኗል ሲሉ ሰማሁ። ከሥሩ ምንም እንደሌለ ስለማውቅ ፈልጌው አላውቅም።

ከአናጢው ቤት ስመለስ የእናቴን ቋጠሮ ከሣጥኔ አወጣሁት። እናቴም የለች፣ አባቴም የለ፤ የወንድሜን ፊት ላስታውስ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ የትራክተሩ ጎማ ነው፤ ይህን ለልጆቼ እንኳን ነግሬ አላውቅም። ቋጠሮው ውስጥ ያለው እፍኝ አይሞላም፤ ሁሉም ምስር ምስር የሚያካክል፣ ሁሉም ጠይም ነው። ወደ ብርሃን ይዤ ወጣሁና "ሙሉቀን" ብዬ ጠራሁት። ጆሮው ከመሐላቸው የትኛዋ እንደሆነች ግን ሊለይልኝ የሚችለው ሰው ሞቷል።