የደቻቱ አሸዋ በወተት ጣሳ

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ደርግ ነው፤ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምንወስድበት ጊዜ። ወሩንማ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ሕመሙ የጀመረበት ቦታ ግን አይጠፋኝም። ባቡር ጣቢያ ጭነት ሳወርድ የሣጥን ጠርዝ ቅልጥሜን መታኝ። ትንሽ ነገር ናት ብዬ በጨርቅ አሰርኳት። በሳምንቱ እግሬ አበጠ። በዚያ በድሬዳዋ ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ፣ ጥርሴ ተንገጫገጨ።

ሆስፒታል ገባሁ። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። አጥንቴ ውስጥ መግል ገብቷል፤ ኦስቲዮማየላይትስ ይሉታል። ቀደው ጠረጉት፣ በጀሶ አሰሩት፣ ቁስሉ እንዲታይ ጀሶው ላይ መስኮት ቆረጡለት። ውሃ እንዳይነካህ አሉኝ። በየስድስት ሰዓቱ መርፌ።

አንድ ጠዋት ዶክተሩ ተማሪዎችና ቁስል ጠራጊ ድሬሰሮች አስከትሎ መጣ። እግርጌዬ ቆመ።

«መድኃኒቱ ካልሠራ እግሩ ይቆረጣል» አለ።

ለእኔ አልነበረም የነገረው። ለእነሱ ነው። እግሩ የእኔ ነው። ዓይኔን እንኳ አላየም። ወደሚቀጥለው አልጋ ሄዱ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አስጠላኝ። መርፌውንም እንቢ አልኩ። ኋላ ቀር አሉኝ፣ ግትር አሉኝ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከገባሁ ጀምሮ አልሰገድኩም። መግሉ ልብሴ ላይ ይፈሳል፣ የምሸናው በዕቃ ነው፣ ለሶላት ታጥቤ ውዱእ ማድረግ አልችልም። ውሃ ሲጠፋ አሸዋ እንደሚተካው ልጅ ሆኜ ቁርአን ቤት ሰምቻለሁ። እሱ ግን በረሃ ለሚያቋርጥ ሰው ነው ብዬ ነበር የማምነው። ከአልጋዬ ሦስት እርምጃ ላይ ቧንቧ አለ። ውሃው ጠብ ጠብ ሲል እየሰማሁ እንዴት አሸዋ እነካለሁ? እንዲህ ቆሽሼ አላህ ፊት ከምቀርብ፣ ቤቴ ወስደው አጥበውኝ ልሙት ብዬ ቆረጥኩ።

አንዲት ነርስ ነበረች። ከደጋ የመጣች፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች። አንቱ ትለኝ ነበር። ድሬ ውስጥ ሕፃኑም ሽማግሌውን አንተ ነው የሚለው፤ መጀመሪያ የምታሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። መርፌውን እንቢ ስላት አልተቆጣችም። ትሪዋን አስቀመጠችና አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«መርፌው ነው የሚያስጨንቅዎት ወይስ ሌላ ነገር አለ?»

ነገርኳት። አልሳቀችም፤ ምክርም አላበዛችብኝም። የማን ቃል ቢመጣልዎት ያምናሉ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ቁርአን ያስቀሩኝ ሼህ አሉ፣ መልካ ጀብዱ ነው የሚኖሩት አልኳት።

በዕረፍት ቀኗ በጭነት መኪና ተሳፍራ ሄደች። ስትመለስ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዛለች፤ ውሃ ከሌለበት የደቻቱ ወንዝ፣ ሰውም ከብትም ካልረገጠው ቦታ የዘገነችው ደረቅ አሸዋ ሞልቶበታል። የሼሁን ቃል እንደሰማችው አደረሰችኝ፤ «ውሃ የሚጎዳው በሽተኛ ቧንቧ ሥር ቢተኛም መንገደኛ ነው። አፈር ይበቃዋል። አላህ ያቀለለውን አንተ አታክብደው።»

አልጋዬን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዞረችልኝ። አሸዋውን በመዳፌ መታሁ፣ ፊቴንና እጆቼን አበስኩ፣ እንደተኛሁ በጭንቅላቴ ምልክት ሰገድኩ። አለቀስኩ። ከዚያ ክንዴን ዘረጋሁላት።

ጎረቤት አልጋ ላይ የተኛው የባቡር ሠራተኛው ገብሬ ሲያየኝ ቆይቶ «አደም፣ ምነው፣ በረሃ ልትወጣ ነው እንዴ አሸዋ የምትሰንቀው?» አለኝ። ከገባሁ ወዲህ ያን ቀን ነው የሳቅሁት።

ትኩሳቴ እየወረደ ሳለ የሆስፒታሉ ካድሬ ሊጎበኝ መጣ። አልጋዬ ከመስመር መውጣቱን አየ። ጎንበስ አለና ከአልጋዬ ሥር ጣሳውን አወጣ። ከፈተው። አሸተተው። ማን አመጣው አለ። አፌን ሳልከፍት ነርሷ «እኔ ነኝ» አለች። በመስኮት ደፋው።

አንድ ጣሳ አሸዋ ነው። አብዮቱን ምን ያደርገዋል?

ማግሥቱን የገብሬ ሚስት ምሳ ይዛለት መጣች። ከሳህኑ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አውጥታ ሰጠችው። «እንካ በረሃህን» ብሎ ወረወረልኝ። እነሱም ክርስቲያን ናቸው።

ነርሷን በሂስና ግለሂስ ስብሰባ አቆሟት። ጥፋትሽን እመኚ ሲሏት የሕመምተኛው ቻርት ይምጣ፣ መርፌ እንቢ ያለበት ቀንና የተቀበለበት ቀን ይታይ ብላ መለሰች አሉ። ዶክተሩም እዚያው ተቀምጦ ነበር። ቻርቱ ይምጣ አላለም። በሳምንቱ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር አዛወሯት። አልተሰናበትኳትም።

ያን ጊዜ ነው በእልህ ሕክምናውን ልተወው የነበረው። ክንዴን ከብርድ ልብሱ ሥር ደበቅሁ። ኋላ አሰብኩት። ይህን ካደረግሁ የተቀጣችበትን ነገር በገዛ እጄ መድፋቴ ነው። ክንዴን አወጣሁ። በየስድስት ሰዓቱ አወጣሁ።

ወራት ፈጀ፤ መጀመሪያ መግሉ ቀጠነ፣ ቀጥሎ ደረቀ፣ ጀሶው ሲነሳ ቅልጥሜ እንደ ከሰል ማንሻ ቀጥኖ ወጣ፣ በገብሬ ትከሻ ላይ ተደግፌ እስከዚያች ቧንቧ ድረስ ሄጄ እጄን ታጠብኩ። ጉልበቴ ዛሬም አይታጠፍም፤ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምሰግደው። እግሩ ግን አለ። ስወጣ ዶክተሩ «ዕድለኛ ነህ» አለኝ። ዕድል አይደለም አልኩት፣ በሆዴ። ጮክ ብዬ አለማለቴ እስካሁን ያናድደኛል።

አልጋ ላይ ያላችሁ፣ ከቁስላችሁ ሌላ የሚያስጨንቃችሁን ተናገሩ፤ እኔ ዝም ብዬ እግሬንም ነፍሴንም ላጣ ነበር። አስታማሚዎችና ነርሶች ደግሞ፣ በሽተኛ እንቢ ሲላችሁ ከመሳደባችሁ በፊት ለምን በሉት። ብዙ አይፈጅም፤ አልጋ ጠርዝ ላይ መቀመጥ ነው።

የመውጫ ወረቀቴ አሁንም ሣጥኔ ውስጥ አለ። የዶክተሩ ስም አለበት፣ ማኅተምም አለበት። የእሷ የለም። እንግዲያው እዚህ ይጻፍ፤ ሲስተር አስካለ ትባላለች።