የዘር ድንች የወሰድኩበት ፊርማ

የዘሩን ድንች ቀቅለን በላነው። እንጦጦ ላይ ዘሩን የበላ ገበሬ የሞተ ነው፤ ቀብሩ ብቻ ይዘገያል።

ከታች የካ ያሉ ጴንጤዎች ባሕር ማዶ ካለች ቤተ ክርስቲያን ጋር ተባብረው የዘር ድንች አመጡልን። እኛ ኦርቶዶክሶች ነን። ዘሩን የሚያድለው ሠራተኛቸው ግን ስለ ሃይማኖታችን አንድ ቀን አልጠየቀንም። "ጋሼ፣ መሬቱን አለስልሰው ይጠብቁኝ" ነበር የሚለኝ።

ድንቹ ገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ገብቶ ተቆለፈበት። ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ጀመረ። በበሩ ስንጥቅ ስናይ ጎንቁሎ በጆንያው ቀዳዳ ወጥቷል። ሌላ ሳምንት ከቆየ ይበሰብሳል።

በመጨረሻ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠራን። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቷል። "የፈረመ ዘሩን ይወስዳል" አለ።

የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን ከያዝኩ ሦስት ወሬ ነው። ማንበብ እችላለሁ፤ ግን ፊደል በፊደል፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ሁለተኛው መስመር ላይ ሳለሁ ሊቀ መንበሩ፣ "ጓድ፣ አንተ እስክትጨርስ ክረምቱ ይወጣል" አለ። ሳቁብኝ። አፈርኩና ፈረምኩ፤ ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ።

ቀጥሎ ጎረቤቴ ነበር፣ ትምህርቱን በሁለተኛው ሳምንት ጥሎ የወጣ። የጣት አሻራ ቀለሙን ሲያቀርቡለት፣ "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ይነበብልኝ" አለ። ደንቡም ነው፤ ለማይችል ይነበባል። ጸሐፊው አነበበ። ሠራተኛው ዘር የሚሰጠው ሃይማኖቱን ለሚቀይር ብቻ ነው፣ አብዮቱንም ሲያንቋሽሽ በጆሯችን ሰምተናል ይላል ወረቀቱ።

ጎረቤቴ ጣቱን አጠፈ።

"እኔ እንዲህ ሲል አልሰማሁም። አንተ ሰምተሃል?" አለኝ።

ሊቀ መንበሩ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ጆንያዬ ከመጋዘኑ ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል።

"ፈርሜያለሁ" አልኩ።

"ፈርመሃል ወይ አላልኩህም።"

ጆንያውን ተሸክሜ ወጣሁ።

ሠራተኛውን በማግስቱ ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ልጅ ይኑረው፣ እናት ይኑረው፣ ጠይቄ አላውቅም። የጎረቤቴ ማሳ ያን ክረምት አረም አበቀለ። የእኔ ድንች ያዘ፤ እንደዚያ ዓመት አምርቼ አላውቅም።

መስከረም ላይ አንድ ቅርጫት ድንች ሞልቼ ጎረቤቴ ደጅ ሄድኩ። ሚስቱ ቅርጫቱን ተቀበለችኝ።

"ልጆቹ ይብሉ፤ እኔ ጠግቤያለሁ" አለ እሱ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ።

ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። አልተከራከርኩትም።